ሐዘን በእጅ የሚዳሰስበት አምባ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ጥግ የያዝከው፣ ክንድህን መቧጨር ተው፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። እስቲ ሁላችሁም ክንዳችሁን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ነጭ መስመር ወጣ አይደል? የጥር ንፋስ ሥራ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያች ነጭ መስመር ነው። የሚያስቅ ተረት አይደለም። መሳቅ የፈለገ ውጭ ይውጣና ጥጆቹ ሲቦርቁ ይይ፤ እዚህ የሚቀር ዝም ብሎ ይስማኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከብቱ ሳይቀር ጀርባውን ለንፋስ ሰጥቶ በሚግጥበት አንድ ከፍተኛ አምባ ላይ፣ ወንድይፍራው የሚባል ባለርስት ነበረ። ቸር ነበረ፣ ዝምተኛ ነበረ፣ በሰው ነገር የማይገባ ነበረ።

ሚስቱ እንጉዳይ ትባል ነበር። ሥራ ወዳድ ነበረች፣ ቀጥተኛ ነበረች፣ መዋሸት የማይሆንላት ነበረች። ልጅ አልወለዱም። አብረዋቸው የሚኖሩት የወንድይፍራው እናት እሜቴ የሻረግ ነበሩ። የእንጉዳይ እናት በልጅነቷ ስለሞተችባት እሳቸውን "እናቴ" ብላ ነበር የምትጠራቸው፤ እሳቸውም "ልጄ" ነበር የሚሏት።

ወንድይፍራው አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ስሙ ደባሱ ነው። ደባሱ መልከ መልካም ነበረ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ነበረ፣ ድካም የሚባል ነገር ግን አይወድም ነበር። ከሸንተረሩ ወዲያ ለብቻው ይኖራል። ከአባቱ የደረሰውን መሬት ጾሙን እያሳደረ ዓይኑ ሁልጊዜ የወንድሙ ማሳ ላይ ነበር።

አንድ ክረምት ወንድይፍራው ታመመ። ብርዱ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ ደረቱን ያዘው፣ ደረቱ ትንፋሹን ከለከለው። ጳጉሜን ሳያይ ሞተ። እሜቴ የሻረግ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ደቁ። እንጉዳይ አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ደባሱም መጣ፤ ከሁሉም በላይ ጮኾ አለቀሰ። እንዲያውም ለቅሶውን የሰሙ የሩቅ ሰዎች "ይህ ሰው ወንድሙን እንዴት ይወደው ኖሯል" እያሉ መጡ።

እንግዲህ በዚያ አምባ አንድ ወግ ነበረ። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው እስከ ሙት ዓመቱ ቅቤ አይነካም። ራሱን አይቀባም፣ ፊቱን አይቀባም፣ እጅና እግሩን አይቀባም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ይሰበሰቡና የሐዘንተኞቹን እጅ አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። ያ ቀን የመዳሰስ ቀን ይባላል። እጁ የሻከረና የተሰነጠቀ ሰው ከልቡ አዝኗል ተብሎ የሟቹን ቤትና መሬት ይይዛል። እጁ የለሰለሰ ሰው ግን ሟቹን ክዷል ይባላል፤ የለበሰውን ብቻ እንደለበሰ ከአምባው ይወርዳል። ተመልሶም አይወጣም።

ከዚህ መዳሰስ ነጻ የሆነች እናት ብቻ ነበረች። የእናትን እጅ ማንም አይዳስስም። የእናትን ሐዘን የሚጠራጠር ማን አለ?

ስለ እነዚያ ሰዎች ቂል ነበሩ እንዳትሉ። ቂል አልነበሩም። ንፋስ በማያርፍበት አገር ቅቤ ያልነካው ቆዳ ይሻክራል፣ ይፈረፈራል፣ ይሰነጠቃል። ይህን በዓይናቸው አይተዋል፣ እውነትም ነው። ስህተታቸው ሌላ ነበር። ቆዳውን የሚያደርቀው ንፋሱና ብርዱ ሆኖ ሳለ፣ እነሱ ሐዘኑ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ የሰው ልብ ውስጥ ያለውን በጣታቸው የሚያገኙት መሰላቸው።

ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ ሄደ፣ ንፋሱ መጣ። እንጉዳይ ወጣት ናት፤ ቆዳዋ ነጣ፣ ትንሽ ሻከረ፣ ችላ ተወችው። እሜቴ የሻረግ ግን ያረጁ ሰው ናቸው። የእርጅና ቆዳ ስስ ነው፤ የራሱ ወዝ አልቋል፣ ከውጭ ካልሰጡት ከውስጥ የሚያመጣው የለም። መጀመሪያ ተረከዛቸው ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ቅልጥማቸው እንደ በጋ ጭቃ ተከፋፈለ። በመጨረሻ እጃቸው ላይ ደረሰ።

ብርዱ ስለማይቻል ከእሳቱ አጠገብ አይጠፉም ነበር። እሳቱ ያሞቃቸዋል፣ ግን ቆዳቸውን ያደርቀዋል። ሲደርቅ ያሳክካቸዋል። ሲያሳክካቸው ያካሉ። ሲያኩ ይደማል። ያን ጊዜ ጎረቤቶች እየመጡ አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "አይ እናት! እናት ማለት ይህች ናት" ብለው አመስግነዋቸው ይሄዳሉ። አመስግነው መሄድ ብቻ። አንድም ሰው ያማል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ይህን ስናገር አሁንም ያናድደኛል።

እንጉዳይ ግን ታያለች። ለመራመድ ሲነሱ ተረከዛቸው እየተከፈተ ወለሉ ላይ ደም ሲተዉ ታያለች። አንድ ቀን እንቅቡን አስቀምጣ አጠገባቸው ተንበረከከችና እግራቸውን እንድትቀባቸው ለመነቻቸው። እሜቴ የሻረግ እምቢ አሉ። ሌላ ቀን ደግማ ለመነቻቸው። አሁንም እምቢ አሉ፤ ይህን ጊዜ ተቆጥተዋታል።

"ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ቅቤ ልቀባ?" አሏት።

ሦስተኛ ጊዜ የለመነቻቸው ዕለት ተረከዛቸው መግል ይዞ ነበር። መሬት ሊረግጡ አልቻሉም። እንጉዳይ ያን እግር ጭኗ ላይ አደረገች።

"እናቴ፣" አለች፣ "ወንድይፍራው አሁን በዚያ በር ቢገባና ይህን እግር ቢያይ ምን ይለኛል?"

እሜቴ የሻረግ ተረከዛቸውን አዩ። ልጃቸውን ያውቁታል። እናቱን እሾህ ሲወጋት ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ አልነበረም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሌላኛውንም እግራቸውን ዘረጉላት።

እንጉዳይ መድኃኒት አዋቂ አይደለችም። ያደረገችውንም መጀመሪያ በስህተት ነው ያደረገችው። ከላሚቱ የናጠችውን ለጋ ቅቤ ከቅሉ አውጥታ የደረቀው ቆዳ ላይ መረገችው። ቅቤው ላዩ ላይ ተኛ። አቧራ ያዘ፣ ዝንብ ጠራ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ግን እንደ ደረቀ ነው፤ ማሳከኩም እንደ ነበረ ነው።

እድፍ ይሆናል ቅቤውን ያላስገባው ብላ አሰበች። በማግሥቱ ውሃ አፈላች፣ እንዶድ ደቆሰች፣ እግራቸውን በትኩሱ ውሃ አሸች። እሜቴ የሻረግ "እሰይ፣ ዐረፍኩ" አሉ። ዕረፍታቸው ግን ውሃው እስኪደርቅ ነበር። ከደረቀ በኋላ ቆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጠረና ያልተሰነጠቀውም ተሰነጠቀ። እንዶድ እድፍን ሲወስድ ያለችውን ጥቂት ወዝ አብሮ ይወስዳል። የፈላ ውሃም እንደዚያው ነው። እንጉዳይ ይህን ስታይ አለቀሰች፤ "ገደልኳቸው" አለች ለራሷ።

ሦስተኛው ግን እንዲህ ሆነ። እንዶዱን ተወችው። ውሃውን የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት ለብ አደረገችው። እግራቸውን እዚያ ውስጥ አቆየችላቸው፤ የደረቀው ቆዳ ውሃውን እስኪጠጣ ጠበቀች። ሳትፈትግ በቀጭን ነጠላ ጫን ጫን እያደረገች አበሰች፤ እርጥበቱ ገና ሳይለቅ ቅቤውን በስሱ ቀባች። የንጹሕ ጨርቅ ቁራጭ ጠመጠመችበት። አልጋቸውንም ከእሳቱ ራቅ አደረገች፤ ብርዱን በተጨማሪ ቡልኮ መለሰችላቸው።

ጠዋት ጨርቁን ስትፈታ ቆዳው ለስልሷል። ቆዳው ውሃውን ጠግቦ፣ ቅቤው ውሃውን ዘግቶበት አደረ። ነገሩ ይኸው ነው ልጆች። ቅቤ ብቻውን የደረቀውን አያርስም፤ ውሃም ብቻውን ይተናል። ውሃው ይገባል፣ ቅቤው በር ይዘጋል።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ወደ ማሳ ሲወጣ፣ እንጉዳይ በሩን ገርበብ አድርጋ በየቀኑ ይህንኑ ታደርግ ነበር። የተረከዙ መግል ደረቀ። ቅልጥሙ ገጠመ። እጃቸው ቆዳ አወጣ። እሜቴ የሻረግ ተነሥተው ራሳቸው ወደ ልጃቸው መቃብር ሄደው ያለቅሱ ጀመር። ከዚያ በፊት ሕመሙ እንኳ በደንብ እንዲያለቅሱ አላስቻላቸውም ነበር። ሰው እያከከ እንዴት አድርጎ ልጁን ያስባል?

ነገር ግን የሚቀባ እጅ ራሱም ይቀባል። አንድ ቀን እሜቴ የሻረግ የእንጉዳይን እጅ ያዙና አገላብጠው አዩት። ለስላሳ ነው። ያብለጨልጫል።

"ልጄ፣ ይህ እጅ ያስወጣሻል" አሏት።

እንጉዳይ እንደምታውቅ ነገረቻቸው። እሳቸውም እንግዲያው ተይኝ፣ እኔ ያረጀሁ ነኝ፣ አንቺ ቤት አልባ አትሁኚ ብለው አስማሏት። ፈርታም ነበርና ተወች። በእርግጥም ይህ ቤት የገባችበት፣ ያዘነችበት፣ ያላት አንድ ቤት ነው፤ ከአምባው ብትወርድ የምትጠጋበት ዘመድ የላትም። የሚያስፈራትም ቤቱ ብቻ አልነበረም። እሷ ከሄደች እኚህን ሴት ማን ያያል? ተወች፤ ግን የተወችው ቅልጥማቸው እንደገና እስኪሰነጠቅ ነው። ሲሰነጠቅ መሐላዋን ጥላ ውሃውን ጣደች።

እንግዲህ ወደ ደባሱ እንመለስ።

ደባሱ ከለቅሶው በኋላ ወደ ቤቱ ሄዶ ቁጭ ብሎ አሰበ። ዓመት ሙሉ መድረቅ ለምን? ሽማግሌዎቹ የሚዳስሱት እጄን ነው። የቀረውን ገላዬን ማን ያየዋል? እንዲህ ብሎ ሥጋውን በላ፣ ጠጁን ጠጣ፣ ቅቤውን ተቀባ። ከሸንተረሩ ወዲያ የሚያየው የለም። ወደ ሟቹ ቤት ሲመጣ አመድ በራሱ ላይ ነስንሶ ይመጣል፤ ሲመለስ አራግፎት ይሄዳል።

ሙት ዓመቱ እየተቃረበ ሲመጣ ሥራውን ጀመረ። እጁን በፈላ ውሃ ነከረ። እጁን በእንዶድ ፈተገ። እጁን በአመድ ውሃ ዘፈዘፈ። ከዚያ ሳያብሰው ሸንተረሩ ላይ ወጥቶ ለንፋስ ዘረጋው። ቆዳው ነጣ፣ ተነሣ፣ ተተረተረ። በየጣቱ መታጠፊያ ላይ ደም መጣ። ያማል፤ ግን ማሳውን እያሰበ ጥርሱን ነከሰ። እንዲህ ያለ ትጋት ለእርሻ ቢያውለው ኖሮ የወንድሙን መሬት ባልተመኘ ነበር።

በመካከሉ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ ስለ ወንድሙ ተናገረ። እንጉዳይ ውሃ ስታቀብለው እጇን አየ። ፈገግታውን በነጠላው ሸፈነ። የእናቱን እግር ግን አላየም። አንድ ጊዜ እንኳ ዝቅ ብሎ ቢያይ ኖሮ ሁሉንም ነገር ባወቀ ነበር።

የመዳሰስ ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ውጭ ተቀመጡ። አለቃቸው አባ ዳምጤ የሚባሉ፣ ትክክል ያሉትን ነገር ጥርሳቸውን ነክሰው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆመ። እሜቴ የሻረግ ከሴቶቹ መካከል፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ደባሱ ተጠራ። እጁን ዘረጋ። አባ ዳምጤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ፤ ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ደንገጥ አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ዳሰሱ፣ እንባ መጣባቸው። ሦስተኛው ዳሰሱና "ይህ ወንድም ነው" አሉ። ሕዝቡም ይህ ወንድም ነው አለ።

ከዚያ እንጉዳይ ተጠራች። እጇን ዘረጋች። አባ ዳምጤ ዳሰሱ፤ ዓይናቸውን ገለጡ። ሁለተኛው ዳሰሱ፤ እጃቸውን መልሰው አሸተቱ። ሦስተኛው አልዳሰሱም።

"ቅቤ ነክተሻል?" አሏት አባ ዳምጤ።

"ነክቻለሁ" አለች።

ስለ ምን እንደነካች ጠየቋት። ዝም አለች። እውነቱን ብትናገር እሜቴ የሻረግ የልጃቸውን ሐዘን ያፈረሱ እናት ሊባሉ ነው፤ በዚያ አምባ ላይ ከዚህ የከፋ ስም የለም። መዋሸት ደግሞ አይሆንላትም። ስለዚህ ደግመው ጠየቋት፣ ዝም አለች። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቋት፣ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተማከሩም። ቤቱና መሬቱ ለደባሱ ይሁን አሉ። እንጉዳይ ፀሐይ ሳትጠልቅ የለበሰችውን ለብሳ ትውረድ አሉ። የትናንት ጎረቤቶቿ መንገድ ለቀቁላት፤ ልብሳቸው እንዳይነካት ሰበሰቡ። አንዲት ሴት ምራቋን ተፋች። እንጉዳይ እሜቴ የሻረግን እንኳ ዞራ አላየቻቸውም። ካየቻቸው የምትናገር መሰላት።

ያን ጊዜ እሜቴ የሻረግ ተነሡ።

"አባ ዳምጤ፣ እኔን አልዳሰሱኝም" አሉ።

አባ ዳምጤ በአክብሮት ብድግ አሉ። እናት እንደማትዳሰስ፣ የእሳቸውን ሐዘን የሚጠራጠር ሰው በአምባው ላይ እንደሌለ፣ ድሮ አባቶችም እንዲህ እንዳላደረጉ ነገሯቸው። እሜቴ የሻረግ ግን በክቡ መሐል አልፈው ፊታቸው ቆሙ። እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አወጡና ዘረጉ።

አባ ዳምጤ ዳሰሱ። እንደ ሕፃን እጅ የለሰለሰ ነበር። ሁለተኛው ዳሰሱ፣ ሦስተኛው ዳሰሱ።

"የቀባችኝ እሷ ናት" አሉ እሜቴ የሻረግ። "እግሬ መግል ይዞ መሬት መርገጥ ሲከለክለኝ እናንተ አመስግናችሁኝ ሄዳችሁ፤ እሷ ግን ውሃ ሞቅ አደረገችልኝ። በሉ እንግዲህ ፍረዱ። ይህ እጅ ለስላሳ ነው። ወንድይፍራውን ዘጠኝ ወር ተሸክሜዋለሁ፣ አጥብቼዋለሁ፣ በዚሁ እጄ ዓይኑን ጨፍኜዋለሁ። ልጅሽን አልወደድሽውም በሉኝና እኔም ልውረድ።"

ማን ይናገራል? ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ምራቋን የተፋችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናትን አላዘነችም ማለት አይቻልም፤ እጁን ደግሞ ሦስቱም በጣታቸው ዳስሰውታል።

ደባሱ ብቻ ዝም አላለም። መሬቱ ከእጁ ሊወጣ ሆነበት። ወደ ፊት ወጣና እናቱ አርጅተዋል፣ ያቺ ሴት አታልላቸዋለች፣ እኔን እዩኝ፣ እውነተኛ ሐዘን ይህ ነው ብሎ የቆሰለውን እጁን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

እሜቴ የሻረግ ያን እጅ ያዙት። መጀመሪያ የያዙት የእናት አንጀት ሆኖባቸው ነው፤ ቁስሉ አሳዝኗቸው። ጣታቸው በስንጥቁ ላይ እየሄደ ወደ ላይ ወጣ። የእጁ አንጓ ላይ ሲደርስ ድርቀቱ በክር የታሰረ ይመስል ቆመ። እጅጌውን ሰበሰቡት። ከአንጓው በላይ ክንዱ ወዝ የጠገበ፣ አንዲት ነጭ መስመር የሌለበት ነበር።

እሜቴ የሻረግ ለረጅም ጊዜ ያን ክንድ አዩት። አንዱን ልጃቸውን ቀብረዋል። አሁን አፋቸውን ከከፈቱ ሌላኛውን ሊያጡ ነው። እጅጌውን መልሰው ቢያወርዱት ማንም አያውቅም ነበር፤ ከእሳቸው በቀር ያየው ሰው አልነበረም። ፊታቸውን ወደ እንጉዳይ አዞሩ። እሷ አሁንም መሬት መሬት ታያለች። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስበው ለአባ ዳምጤ አሳዩ።

"ይህን ድርቀት እኔ አውቀዋለሁ" አሉ። "የሚጀምረው ከእግር ነው። መጀመሪያ ተረከዜን፣ ቀጥሎ ቅልጥሜን፣ እጄን የያዘው በመጨረሻ ነው። ንፋስ ሽማግሌዎች የሚዳስሱትን ቦታ መርጦ አይነፍስም። ልጄ፣ ምን አድርገህበት ነው?"

ደባሱ እጁን ሊነጥቅ ሞከረ። እናቱ እጁን አልለቀቁትም፤ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

"የሚዳስሱት እጄን ብቻ ነው ብዬ ነው፣ እማዬ" አለ።

ሕዝቡ ጮኸ። ይውረድ ያለ አለ፣ ይገረፍ ያለ አለ፣ ድንጋይ ያነሣም አለ። አባ ዳምጤ ዱላቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ባለፉት ዓመታት ያወረዷቸውን ሰዎች እያሰቡ ነበር። ስንት እጅ ዳስሰዋል፣ ስንቱን ለስላሳ ብለው አባርረዋል፣ ከእነዚያ ውስጥ የታመመ ሲያስታምም የለሰለሰው ስንቱ ነው?

"በወጋችን ከሄድን" አሉ አባ ዳምጤ፣ "እናትየዋና ምራትየዋ ይወርዳሉ፣ የዋሸው ይወርሳል። እንግዲህ ዛሬ ከአምባው የሚወርደው ወጋችን ነው። ከእንግዲህ ማንም የማንንም እጅ አይዳስስም።"

ቤቱና መሬቱ ለእንጉዳይ ሆነ። እሜቴ የሻረግም አብረዋት እንዲኖሩ ሆነ። ደባሱ ግን በሟች ወንድሙ ሐዘን ነግዷልና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአምባው እንዲወርድ ተፈረደበት። ማንም አልተቃወመም። እናቱም አልተቃወሙም።

ደባሱ ሊሄድ ፊቱን ሲያዞር እናቱ ጠሩት። ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። እንጉዳይን ለብ ያለ ውሃና ቅቤ እንድታመጣ ለመኗት። እንጉዳይ ሄዳ አመጣች። ሕዝቡ አልተበተነም፤ ቆሞ ያያል።

"ትሄዳለህ" አሉት እናቱ፣ "ግን በዚህ እጅ አትሄድም።"

ሁለቱንም እጆቹን ውሃው ውስጥ አስገቡ። የደረቀው እስኪርስ ያዙለት። ሳይፈትጉ በነጠላቸው ጫፍ ጫን ጫን እያደረጉ አበሱ። እርጥበቱ ሳይለቅ ቅቤውን በየስንጥቁ አስገቡ፤ እንጉዳይ ለእሳቸው እንዳደረገችው አንድም ሳያስቀሩ አደረጉለት። ከዚያ ነጠላቸውን ቀደው በሁለቱም እጁ ላይ ጠመጠሙለት።

ደባሱ እጁን እያየ "ወንድሜ" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ አጠገቡ ያሉት ብቻ ሰሙት። ዓመት ሙሉ ጮኾ አልቅሷል፤ ያዘነው ግን ያን ጊዜ ነው። ፍርዱን የመለሰለት አልነበረም። ተነሣ፣ የእናቱን ጉልበት ሳመ፣ እንጉዳይን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፣ ቁልቁለቱን ወረደ። እሜቴ የሻረግ እስኪሰወር ድረስ ቆመው አዩት፤ ከተሰወረም በኋላ ቆሙ። በመጨረሻ እንጉዳይ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው።

በዚያ አምባ ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነ። ሰው ሲሞት ጎረቤት ወደ ሐዘንተኛው ቤት አንዱ ውሃ፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቅቤ ይዞ ይሄዳል። ለብ ያለ ውሃ ያዘጋጁለታል፣ እግሩን ያጥቡታል፣ ሳይደርቅ ይቀቡታል። እያለቀሱ ያደርጉታል እንጂ አይተዉትም።

እናንተም ስታድጉ ሐዘን ቤት መግባታችሁ አይቀርም። ማን ከልቡ አዘነ፣ ማን አስመሰለ ብላችሁ የሰው ፊትና እጅ አትመርምሩ። በጣታችሁ የምታገኙት ቆዳውን ብቻ ነው። ያመመውን ጠይቁ፣ ውሃ አሙቁለት። ነገሬ ይኸው ነው፤ የሰማ ላልሰማ ይንገር።